አህያውን ፈርታ ዳውላውን፦ የቬኒስ ነገር

የጣልያኗ ከተማ የቬኒስ ማዘጋጃ ቤት ዘንድሮም አልተወውም። ለአንድ ቀን ደርሶ ከሚመለስ ጎብኚ የሚሰበስበውን የመግቢያ ክፍያ በ2026ም ይቀጥላል። ያውም ቀኑን ከ54 ወደ 60 አሳድጎ፣ ከኤፕሪል 3 እስከ ጁላይ 26 ድረስ ተመርጠው በተለዩ ቀናት። ቀደም ብሎ የተመዘገበ 5 ዩሮ፣ ጉዞው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የተመዘገበ 10 ዩሮ። (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ውሳኔው ብቻውን ቢሆን ዝም ባልኩ። ያንጨረጨረኝ ዜናውን ተከትሎ የእኛው ሰው የሰጠው ድጋፍ ነው። አንዱ «5 ዩሮ ምን አላት፣ የማኪያቶ ዋጋ» ይላል። ሌላው ደግሞ የፍልስፍና ጫፍ የነካ መስሎት «እኛስ ላሊበላ ላይ ፈረንጁን እናስከፍል የለ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከላሊበላው ልጀምር፤ ከሁሉም የሳሳው እሱ ነው። ላሊበላ ላይ የሚከፈለው አብያተ ክርስቲያናቱን ለማየት ነው። ከተማው ውስጥ ለመራመድ፣ ገበያ ወርዶ ሽሮ ለመብላት፣ ዘመድ ለመጠየቅ ቲኬት የሚቆርጥ የለም። ቬኒስም ብትሆን የዶጆቹን፣ ማለት የጥንት ገዢዎቿን፣ ቤተ መንግሥት ለማየት ድሮም ታስከፍላለች፣ ያውም እንደ ጉድ። በዚያ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። አሁን ቲኬት የተቆረጠው ለመንገዱ ነው። ለድልድዩ፣ ለአደባባዩ፣ ልብስ ለተሰጣበት ጠባብ ቅያስ። የሕዝብ መንገድን ከሙዚየም ጋር አንድ አድርጎ የሚከራከር ሰው ወይ ቬኒስን አያውቅም፣ ወይ ላሊበላን አያውቅም፣ ወይ ሁለቱንም።

ማኪያቶዋም ብትሆን ዝም ብላ አትታለፍም። ቬኒስ የሚሄድ ሰው ጀልባ ላይ እግሩን ባነሳ ቁጥር እየከፈለ ነው። የቫፖሬቶ፣ የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባው፣ ቲኬት ለ75 ደቂቃ 9 ዩሮ ከ50 ነው፤ የነዋሪ ካርድ የያዘው በ1 ዩሮ ከ50 ሲሳፈር። ይህን አልቃወምም፤ ነዋሪው በርካሽ መሳፈሩ ደግ ነው። ግን «ጎብኚው ምንም ሳይከፍል ከተማዋን ያቆሽሻል» የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ይገርመኛል። ያ ሰው ውኃ በስንት እንደሚገዛ፣ ሽንት ቤት ለመግባት ሳንቲም እንደሚቆጥር ያየ እንዲህ አይልም።

ክፍያው ሲጀመር በኤፕሪል 2024 የተነገረን የጎብኚውን መጨናነቅ ያቀለዋል ተብሎ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በ29 ቀን ውስጥ ወደ 485 ሺህ ሰው ከፈለ፣ 2.4 ሚሊዮን ዩሮ ገባ። በ2025 ከ720 ሺህ በላይ ሰው ከፈለ፣ 5.4 ሚሊዮን ዩሮ ገባ። ይህ የቀነሰ ሕዝብ ቁጥር ነው? ደጋፊዎቹ «በቀን ሲካፈል እኮ የከፋዩ ቁጥር ወርዷል» ይላሉ። ይወርዳላ! ቀኖቹን እጥፍ ሊሆን ምንም እስካልቀረው ድረስ ለጥጠው ዓርብ ዓርብን ጨመሩበት፤ ዓርብ ደግሞ እንደ ቅዳሜና እሁድ አይደለም። ከዚያ አካፍለው ድል አደረግን አሉ።

ደግሞ ሰዓቱ። ክፍያው የሚሠራው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:30 እስከ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ የፈለገ ሰው ጎርፎ ይግባ፣ ነፃ ነው። ኦገስት ላይ፣ አውሮፓ በሙሉ ሻንጣውን ይዞ በሚወጣበት ወር፣ ክፍያ የለም። ሕዝብ ለመቀነስ የወጣ ሕግ ኦገስትን ይረሳል እንዴ?

እሺ፣ ከተማዋ ተጨናንቃለች። ይህን አልክድም። ከሪያልቶ ድልድይ ወደ ሳን ማርኮ አደባባይ በሚወስደው ቅያስ በሜይ ቅዳሜ የሄደ ሰው በእግሩ ሳይሆን በትከሻ ግፊያ ነው የሚደርሰው። ጥያቄው ቬኒስን የሚገድላት ማነው የሚለው ነው።

እዚያው ሪያልቶ አጠገብ፣ ሳን ባርቶሎሜዮ አደባባይ ላይ አንድ ፋርማሲ አለ። መስኮቱ ላይ ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ መድኃኒት ሊገዛ የመጣም፣ ጄላቶ እየላሰ የሚያልፍም ያየዋል። የታሪካዊቷን ከተማ ነዋሪ ቁጥር ነው የሚያሳየው። በ2008 ሲሰቀል ወደ 60 ሺህ ነበር። ዛሬ ከ49 ሺህ በታች ወርዷል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እዚያች ደሴት ላይ ወደ 175 ሺህ ሰው ይኖር ነበር። እስቲ አስቡት፤ ያን ሁሉ ሰው ጠዋት በባቡር መጥቶ ማታ በባቡር የሚመለስ ሰው ነው ያባረረው? ሳንድዊች በቦርሳው ይዞ የመጣው ተማሪ ነው የማንን ቤት የወሰደው? እሱ አያድርም። አልጋ አይዝም። የማንንም ኪራይ አያስወድድም።

ቤቱን የወሰደው ሌላ ነው። አያት ካናሬጆ ሰፈር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኖራ ትሞታለች። ልጆቹ ቤቱን ለአንድ ቤተሰብ በወር ከሚያከራዩት በሌሊት ሒሳብ ለቱሪስት ቢያከራዩት ብዙ እጥፍ ያገኛሉ። ያከራያሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ከዚያ የታችኛው ፎቅ ይከተላል። ከዚያ ጎረቤቱ። የበር ደወሎቹን እዩ፤ ቬኒስ ውስጥ ደወሎቹ የሚያማምሩ ነሐሶች ናቸው፣ የቤተሰብ ስም የተቀረጸባቸው። አሁን ብዙዎቹ ላይ ስም የለም፣ የአከራይ ድርጅት ምልክት ነው ያለው። ቤተሰብ ሲወጣ ዳቦ ቤቱ ደንበኛ ያጣል፣ ይዘጋል፣ በቦታው የካርኒቫል ጭንብል የሚሸጥ ሱቅ ይከፈታል። ልጅ ሲጠፋ ትምህርት ቤት ክፍል ይዘጋል። ክፍል ሲዘጋ ልጅ ያለው የቀረው ቤተሰብም ድልድዩን ተሻግሮ የብስ ላይ ያለው ሜስትሬ ሰፈር ይገባል። ዳቦ ቤት የሌለው ሰፈር ውስጥ ደግሞ ማን ቤት ይፈልጋል? ቱሪስት። በቃ፣ ዙሩ ይቀጥላል።

የነዋሪ ማኅበራት ባደረጉት ቆጠራ በ2023 የቱሪስት አልጋው ቁጥር ከነዋሪው ቁጥር በልጧል። በአጭሩ፣ እዚያች ደሴት ላይ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት ቢተኛ አብዛኛው እንግዳ ሊሆን ይችላል። ይህን ደርሶ መልሱ ጎብኚ አላመጣውም። እሱ አልጋ የሚባል ነገር አልነካም!

ማዘጋጃ ቤቱ ይህን አያውቅም እንዳይባል፣ በ2022 የጣልያን ፓርላማ ለቬኒስ ብቻ ተብሎ የአጭር ጊዜ ኪራይን መገደብ የሚያስችል ሥልጣን ሰጥቶታል። ለሮም ያልተሰጠ፣ ለፍሎረንስ ያልተሰጠ። ሥልጣኑ በእጁ ከገባ ሁለት ዓመት በኋላ ይዞልን የመጣው ታላቅ መፍትሔ ግን ጎብኚው መክፈሉን በስልኩ የሚያሳይበት ኪውአር ኮድ ነው። ባርሴሎና በጁን 2024 ምን አለች? ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ የቱሪስት አፓርታማ ፈቃድ በ2028 መጨረሻ አላድስም አለች። አከራዮቹ ጮኹ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ። ከንቲባው ቢያንስ የሚያስጮኸውን ሰው መርጧል። የቬኒሱ ማዘጋጃ ቤት ግን የቤት ባለቤት ድምፅ ይሰጣል፣ ደርሶ መልሱ አይሰጥም ብሎ አሰላ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

እስቲ ከክፍያው ነፃ የሆነው ማን እንደሆነ እዩ። በከተማዋ ሆቴል ያደረ ነፃ ነው፤ የማደሪያ ግብር ይከፍላል ተብሎ። የሚከፍለው የቬኒስን ሆቴል መክፈል ስላልቻለ ጎረቤት ከተማ ፓዶቫ አድሮ በባቡር የሚመጣው ነው። ሳንታ ሉቺያ ጣቢያ ወርዶ በሩን ሲወጣ ትልቁ ካናል ከነጀልባው ከፊቱ ድንገት ይዘረጋል፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የባቡር ጣቢያ በር ያለ አይመስለኝም። ልክ እዚያች ቦታ ላይ ሰደርያ የለበሰ ተቆጣጣሪ «ስልክህን አሳየኝ» ይለዋል። ካልተመዘገበ ቅጣቱ ከ50 እስከ 300 ዩሮ። በጁን 2025 ደግሞ የአማዞን መሥራች ቢሊየነሩ ጄፍ ቤዞስ ሊያገባ መጣ። እንግዶቹ በግል ጄት እየወረዱ፣ ሆቴሎቹን እየሞሉ፣ በታክሲ ጀልባ እየተመላለሱ ሰነበቱ። የቬኒሱ ከንቲባ ደስ አላቸው። እነዚያ እንግዶች ሆቴል ስለሚያድሩ 5 ዩሮዋ አትመለከታቸውም። ነገሩን ከዚህ በላይ ግልጽ የሚያደርግ ነገር አላውቅም።

«ቀድሞ ያቀደ 5፣ ያላቀደ 10» የምትለዋ ደግሞ የእኛን ሰው ለይታ የምትነካ ናት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እንዴት ነው የሚያቅደው? ከኤፕሪል 2024 ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጥሏል። መንግሥት ተመላሽ ዜጎችን በመቀበል አልተባበረም በሚል ምክንያት መደበኛው የ15 ቀን ጥበቃ ወደ 45 ቀን ተለጠጠ፣ ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛም ቀረ። ማመልከቻው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም። አዲስ አበባ ያለች እህት ፍራንክፈርት ያለ ወንድሟን ጠይቃ፣ አብረው ቬኒስን ሊያዩ ቢያስቡ፣ ቪዛው ሐሙስ ወጥቶ ቅዳሜ መብረር ሊኖርባቸው ይችላል። ያኔ «ቀድማችሁ ለምን አላቀዳችሁም» ተብለው እጥፍ ይከፍላሉ። ገንዘቡ አይደለም የሚያናድደው፤ ማቀድ ራሱ ሀብት መሆኑን የረሳ ሰው ያወጣው ሕግ መሆኑ ነው።

በነገራችን ላይ እኛ ለቬኒስ አዲስ አይደለንም። የአፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ነብር ሁሉ ይዘው እዚያች ከተማ ገብተዋል፤ ማንም በር ላይ አላቆማቸውም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መነኩሴው ፍራ ማውሮ የሠራው የዓለም ካርታ ዛሬም ሳን ማርኮ ያለው ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ነው የሚገኘው፤ ስለ አገራችን የጻፈውን ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰምቶ ነው። ከቬኒሳውያኑም ወገን ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል ሠዓሊ መጥቶ ከአርባ ዓመት በላይ እኛ ዘንድ ኖሮ ሥዕለ አድኅኖ ሥሏል። መግቢያ የጠየቀው አልነበረም።

ስለዚህ ቬኒስን ለማየት የምታቅዱ፣ አትቅሩ። ሙራኖ፣ ቡራኖና ቶርቼሎ ደሴቶች ክፍያው ስለማይመለከታቸው ቀኑን እዚያ አሳልፋችሁ ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ዋናዋ ከተማ ብትገቡ ሕግ አልጣሳችሁም። ከቻላችሁ ግን ኖቬምበር ወይም ጃንዋሪ ላይ ሂዱ። ይበርዳል፣ ጭጋግ አለ፣ ሰው ግን የለም። ጎርፉም ቢሆን እንደ ድሮው አያስፈራም፤ በኖቬምበር 2019 ውኃው 187 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ሳን ማርኮን ካጥለቀለቀ በኋላ፣ ከ2020 ጀምሮ የባሕር መግቢያዎቹን የሚዘጉት ተንቀሳቃሽ ግድቦች ይነሣሉ።

ማደሪያ ስትይዙ ሙሉ አፓርታማ አትከራዩ። ሆቴል ያዙ፣ ካልሆነም ገዳማት ለእንግዳ የሚያከራዩት ንጹሕ ክፍል አለ፤ ማታ በር የሚዘጋበት ሰዓት አላቸው፣ እሱን ብቻ ቀድማችሁ ጠይቁ። ዋጋው ከአፓርታማው ትንሽ ሊበልጥ ይችላል። ቬኒስን የሚወድ ሰው ክፍያ ካማረው እዚያ ላይ ይክፈል፤ «5 ዩሮዋንም በደስታ ክፈሉ» የሚለኝ ሰው ግን ቅድሚያ ያቺን ፋርማሲ አይቶ ይምጣ።