ማስተካከያ፦ «ኪንደርጋርተን» የሚለውን ስም ያወጣው ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት በጨዋታ ስለ መማር ስጽፍ፣ «ኪንደርጋርተን» የሚለውን ስም ያወጣችው ጣሊያናዊቷ ሐኪምና አስተማሪ ማሪያ ሞንቴሶሪ ናት ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ያረሙኝ አራት ኪሎ የሚያስተምሩ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናቸው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮበል ነው፣ በ1840 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ትርጉሙ «የልጆች የአትክልት ስፍራ» ነው። ሞንቴሶሪ ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን የከፈተችው በ1907 ነው።

ፍሮበልን መዝለሌ በጣም ቆጭቶኛል። ጨዋታ ለልጅ ትልቅ ቁም ነገር ነው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የለፋ ሰው ነው። ለሕፃናቱ ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች የመጀመሪያዎቹ በክር የተሠሩ ስድስት ባለ ቀለም ኳሶች ነበሩ። በ1851 የፕሩሲያ (የያኔዋ ትልቅ የጀርመን ግዛት) መንግሥት ኪንደርጋርተንን ከለከለ። እገዳው የተነሳው በ1860 ነው። እሱ ግን በ1852 ስላረፈ ይህን ሳያይ ቀረ።

ትናንት መምህርቷ ክፍል ጎራ ብዬ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቆርኪ በየቀለሙ ትደረድራለች። «ቀዩ አንድ ይጎድለዋል» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል። ቆጠርኩት። እውነቷን ነው።