የታንኳ ሊብሬ

ደቻቱ፣ የድሬዳዋው ወንዝ፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ውሃ የሚያየው ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ነው፤ በ1998 ክረምት እንደሆነው ደግሞ መጥቶ ሰው ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የድሬ ልጅ ስለ ታንኳ ገበያ ሲያወራ ብትስቁ አልቀየምም። እኔን የሳበኝ ንግዱ ነው።

እዚህ ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ የድሮ የእንጨት ታንኳ እንደ ጉድ ይፈለጋል። ፒተርቦሮ የምትባለው ከተማ የታንኳ ሙዚየም ሁሉ አላት። በስሟ ይጠራ የነበረው ፋብሪካ በ1961 እ.ኤ.አ. ቢዘጋም ታንኳዎቹ ዛሬም ከጓሮ ጓሮ ይሸጣሉ። ብዙዎቹ የተሠሩት እንዲህ ነው፦ እንደ ጎድን አጥንት በተቀለሱ እንጨቶች ላይ ቀጫጭን የሴዳር ሳንቃ ይመታል፣ በላዩ ሸራ ይወጠራል፣ የሸራው ሽመና በመሙያ ይደፈንና ቀለም ይቀባል። ሸራው ሲያረጅ ይወልቅና አዲስ ይወጠራል።

ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ሁለቱን ጫፎች ነው። ውሃና ቅጠል የሚጠራቀመው እዚያ ስለሆነ መበስበስም ከዚያው ይጀምራል። ቀጥሎ የተሰበሩ ጎድኖችን ይቆጥራል። ካለፉት ባለቤቶች አንዱ ‹‹ላጠንክራት›› ብሎ በሸራው ፋንታ ፋይበርግላስ አልብሷት ከሆነ ዋጋዋ ወረደ፤ ሙጫው ሲላጥ ሳንቃውን ይዞ ይነሳላ! ሻጩም ይህን ሁሉ ሳይጠየቅ ይናገራል፦ ጫፏ በስብሷል፣ ሸራዋ አልቆለታል፣ ጎድኗ ተሰብሯል።

መጀመሪያ የጨዋነት ጉዳይ ይመስላል። አይደለም። ገዢው ራሱ ጠጋኝ ነው፤ ሸራውን ያወለቀ ቀን ጉዱን ሁሉ ያየዋል። ባለሙያ ቀጥሮ ካሠራት ደግሞ የጥገናው ሒሳብ ብዙ ጊዜ ከታንኳዋ ዋጋ ይበልጣል፤ ስለዚህ ቁልጭ ያለ ወሬ ይፈልጋል።

ደግሞ መዝገብ አለ። አሜሪካ፣ ሜይን ውስጥ የሚገኘው የኦልድ ታውን ፋብሪካ በታንኳው ጫፍ፣ ከውስጥ በኩል፣ ቁጥር ይመታ ነበር። ያንን ቁጥር ይዞ የድሮ መዝገብ ያገላበጠ ሰው ርዝመቷን፣ የመጀመሪያ ቀለሟን፣ መቼና ወዴት እንደተላከች ሳይቀር ያገኛል። ሊብሬ በሉት።

አገር ቤት ቁጥሩ ጠፍቶ አይደለም። ሐረር፣ መኪና ግርግር ብትሄዱ አሮጌ የሲንገር ስፌት መኪና ታገኛላችሁ፤ ከተመታባት ቁጥር ዘመኗን ማወቅ ይቻላል። ጠያቂ ግን የለም። የሚጠየቀው ‹‹ጂንስ ትችላለች?›› ነው። በእርግጥ ያረጀ ነገር ሁሉ ተረሳ አልልም፤ እዚያው ሐረር የሸሪፍ ሙዚየም የድሮ የብራና መጻሕፍትን እያደሰ ያኖራል። እኔ የማወራው ስለ ገበያው ነው።

ገበያው ላይ ደግሞ ፔጆ 404 አለች። ፈረንሳይ ይህን ሞዴል መሥራት የጀመረችው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሐረር ታክሲ አድርጋ ስታኖረው ግን ባለንብረቱ ቅርስ ጠባቂ ነኝ ብሎ አያውቅም፣ እንጀራው ነው። ሞተሯ ከሌላ መኪና ቢመጣ ማንም አይከፋውም፤ ቁም ነገሩ በድሬና በሐረር መካከል ያለውን የደንገጎን ዳገት መውጣቷ ነው። ይሄን አከብራለሁ፤ እዚህ ውሃ የማይነካቸው፣ ጣሪያ ላይ ለጌጥ የተሰቀሉ ታንኳዎች ሞልተዋልና።

የሚያናድደኝ የመኪናዋ ሽያጭ ዋዜማ ነው። ባትላሜራው ይጠራል፣ ዝገቱ በስቱኮ ይሞላል፣ ቀለም ይረጫል፣ ወንበሩ አዲስ ልብስ ይለብሳል። ኦንታሪዮ ዋጋ የሚጥለው ሽፋን ድሬ ላይ ዋጋ ይሰቅላል። ገዢው ነገ ሥራ ሊጀምርባት ነው፤ የተደበቀው ዝገት ራሱን የሚያሳየው ክረምት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔ ደላላው ኮሚሽኑን ከበላ ቆይቷል።

ድሬ ላይ አንዷን ሲያሻሽጥ ያገኘሁት ደላላ ‹‹አቦ፣ ሙሽራ ናት እኮ!›› አለኝ።

‹‹ከስቱኮው ሥር ምን አለ?›› ብዬ ጠየቅኩት።

‹‹ምን አስጨነቀህ? ልትነዳት ነው ልታገባት?››