አዳፕተር ትራንስፎርመር አይደለም፣ በእናታችሁ!

ዛሬ ይህን ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እማዬ እህቴን ልታርስ አሜሪካ ሄደች። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የገንፎው ዱቄት ሁሉ ተሸክፏል። ከሁሉ በላይ ግን አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ! «ልጄ ዓይን የሌለው እንጀራ ስትበላ ዝም አልልም» ብላ። ፒያሳ የገዛንበት ሱቅ ሻጩ አንዲት ትንሽ ነጭ አዳፕተር አውጥቶ «እማማ፣ አይስጉ፤ ይቺን ካደረጉባት የትም አገር ይሠራል» አላት። እኔም አጠገቧ ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ፣ እንደሚያውቅ ሰው።

አዘዞ ኤርፖርት ሚዛን ላይ ሻንጣው 23 ኪሎ አለፈ። በርበሬ ቀንሰን ምጣዱን አሳለፍን። ልብ በሉ፣ በርበሬ!

እዚያ ሰኩት። ጠበቁ። ምጣዱ ለብ አለ፣ በዚያው ቀረ። እማዬ በጎመን ዘር አሰሰች፣ ሊጡን አዞረች፣ ከደነች። ስትከፍተው ሊጡ እንዳለ ተኝቷል። ዓይን የለ፣ ምን የለ። በቪዲዮ ደውላ «ምጣዱን ብርድ መታው መሰለኝ» አለችኝ።

ብርድ አይደለም እማዬ። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የእነሱ 120። አዳፕተር የሚቀይረው የስፒናውን እግር ነው፤ ክቡን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ በቃ። ቮልቱን አይነካም። የኛ ምጣድ በ120 ቮልት ጉልበቱ ከሲሶ በታች ይወርዳል። ቮልቱን የሚቀይረው ትራንስፎርመር ይገዛ እንዳይባል፣ ለምጣድ የሚሆነው ራሱ አንድ ሻንጣ ነው። ደግሞ እዚያ ያለው ተራ ሶኬት የሚችለው 1,800 ዋት ገደማ ነው፤ ምጣድ በዚያ መች ይጠግባል?

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ለጥምቀት አክስቴ ከአሜሪካ መጣች። ቤቱ በእንግዳ ጢም ብሏል። ለከተራ ልትዋብ ፀጉር ማድረቂያዋን በአዳፕተር ሰካችው። እንደ አውሎ ነፋስ ጮኸ፣ ውስጡ ቀላ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ ቆጣሪው ጣለ። ጨለማ! አክስቴ በጨለማው ውስጥ ምን ብትል ጥሩ ነው? «የናንተ መብራት እኮ አይረባም!»

ያንገበገበኝ ይሄ ነው። መብራቱን እኔም በየቀኑ አማዋለሁ፤ በዚህኛው ግን ንጹህ ነው! እጀታው ላይ 120 ቮልት፣ 1,875 ዋት ተብሎ ተጽፏል። 220 ሲገባበት ከሦስት እጥፍ በላይ ይስባል። የት ይችለዋል?

ሰውን ያሳሳተው የስልክ ቻርጀር ይመስለኛል። እሱ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ 100-240 የሚል አለ፤ ሁለቱንም ይችላል፣ አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል። ላፕቶፕም እንደዚያው። ሙቀት የሚያወጣ ነገር ግን፣ ካውያ በሉት፣ ምጣድ በሉት፣ ጽሑፉን ሳታዩ አትሰኩ። እኔ አሁን የሰው ቤት ገብቼ ሁሉ ዕቃ እየገለበጥኩ ነው የማነበው።

ትናንት ንዴቴ አልበርድ ቢለኝ ሱቁ ሄድኩ። ታሪኩን በሙሉ ነገርኩት። ሻጩ ከልቡ አዘነ።

«አዳፕተሯ ተበላሽታ ነዋ! ሌላ ልስጥሽ?»