እንግዳ በሲኒማ ቤት ጨለማ ውስጥም እንግዳ ነው

የአዲስ አበባ ነዋሪ የሆናችሁ ወገኖቼ ሆይ፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ ደጃችንን ሲረግጥ አልጋችንን ለቅቀን መሬት የምንተኛ፣ ቡናውን እስከ በረካ ሳናጠጣ የማናስነሳ ሰዎች ሆነን ሳለ፣ ያንኑ ዘመድ ሲኒማ ቤት ይዘነው ስንገባ የምናሳየው ጠባይ እጅግ የሚያሳፍር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ባለፈው የገና ሰሞን የአባቴ ታላቅ እህት ከደብረ ማርቆስ መጥተው እኛ ዘንድ ሰንብተው ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅ አዋቂ ሳንል መላው ቤተሰብ ተያይዘን ፊልም ልናሳያቸው ሄድን። እሳቸውም እንደ ክብረ በዓል ቆጥረውት ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጥለት ያለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ አንዲት እናት ልጇን በሌሊት ከቤት ስታባርር ባዩ ጊዜ፣ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው «ኧረ ተይ፣ ልጅሽ እኮ ናት!» አሉ። ከኋላችን የነበሩት ወጣቶች በሳቅ ፈረሱ፤ አንዱማ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ፊታቸውን ይቀርጽ ጀመር። እጄን ዘርግቼ ብርሃኑን ጋረድሁት፤ ሳቁን ግን መጋረድ አልተቻለኝም። ከሁሉ ያንገበገበኝ የገዛ ወንድሜ ልጅ አብሮ መሳቁ ነው። አክስቴ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት፤ ከዚያም በኋላ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

እናንተ የሳቃችሁ ልጆች፣ በምናቸው ነው የሳቃችሁት? በአፄ ምኒልክ ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለዚህችው ከተማ ሕዝብ መታየት ሲጀምር፣ ግድግዳ ላይ የሚሄድና የሚስቅ ሰው አይተው የደነገጡት የአዲስ አበባ ሰዎች ነበሩ፤ የሚታይበትን ቤትም «ሰይጣን ቤት» ብለው የሰየሙት እነርሱው ናቸው። ጣሊያን ሲኒማ ቤት ሊያደርገው የጀመረው ሕንፃ ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የቴአትር አዳራሽ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሆኖ ሲከፈት እዚያ የመቀመጥ ዕድል ያገኙት እጅግ ጥቂቶች ነበሩና፣ የብዙዎቻችን አያቶች በዚያች ቀን የት እንደ ነበሩ ራሳችንን እንጠይቅ። ደግሞስ አክስቴ ያደረጉት ምን ነበር? የተጨነቀች ልጅ አይተው አዘኑ። ተዋናይቱ ያን ሁሉ የደከመችው፣ ደራሲውም ሌሊቱን ሲጽፍ ያደረው ተመልካቹ እንዲህ ከልቡ እንዲያዝን ነበር፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ፊልሙን በደንብ ያዩት እሳቸው ይመስሉኛል።

ሰውን ሳይፈቅድ መቅረጽ ነውር ነው። በዕድሜ የገፋ ሰውን ቀርጾ ለማያውቁት ሰዎች መሳቂያ አድርጎ መልቀቅ ደግሞ ከነውርም ያለፈ በደል ነው። ፊልም እየታየ ስልክ አንስቶ «ሲኒማ ቤት ነኝ፣ ቆይ እደውላለሁ» እያሉ ማውራትም ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው፤ ጆሮው የደከመ አባት ያቺን አንድ ንግግር ካመለጠችው የታሪኩ ውል ይጠፋበታል።

ዘመድ ይዘን የምንሄደውም ብንሆን ከተጠያቂነት አናመልጥም። የውጭ ቋንቋ የማይሰሙትን እናት፣ እኛ ልናየው የጓጓነው ፊልም ስለ ሆነ ብቻ በእንግሊዝኛ ፊልም ፊት ሁለት ሰዓት አስቀምጠን ስናበቃ «አዝናናናቸው» እንላለን፤ የአማርኛ ፊልም የሚታይበትን ሰዓት መጠየቅ ግን የአንድ ስልክ ሥራ ነበር። አርፍደን ደርሰን መብራት ከጠፋ በኋላ በደረጃው ላይ እየጎተትን እናወርዳቸዋለን፤ የአረጋዊ ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ጊዜ እንደሚፈልግና አንድ ደረጃ መሳት ዳሌ እንደሚሰብር አናስብም። በጾም ቀን ቅቤ የነካው ፈንዲሻ እናስታቅፋቸውና እንዳይበሉ ጾሙ፣ እንዳይመልሱ ይሉኝታው ሲያስጨንቃቸው ልብ አንልም። የወንድሜንም ልጅ ቤት ውስጥ ገሥጬዋለሁ፤ ከመሄዳችን በፊት ግን «ምን ያህል ጊዜ ሲኒማ እንደ ገቡ ታውቃለህ? አጠገባቸው ተቀመጥ» ብዬ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ ያን ባለማድረጌ ጥፋቱ የእኔም ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ አክስቴን ልሸኛቸው በማለዳ አውቶቡስ ተራ ወሰድኋቸው። ዕቃቸውን ጭነን፣ ጉልበታቸውን ስሜ ልሰናበታቸው ስል እጄን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያቺ ልጅ ግን መጨረሻ ላይ ከእናቷ ታረቀች?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ሳቅ በኋላ ዓይናቸውን ከጉልበታቸው ላይ አላነሡም ኖሯል።