ማስተካከያ፦ በኃይል መዋዠቅና በመብረቅ ስለተጎዱ የቢትኮይን ማውጫ ማሽኖች

በደብረ ማርቆስ ላሉ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ቀደም ሲል በወጣው መመሪያ፣ «መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የተመታ አንትማይነር (የቢትኮይን ማውጫ ማሽን) አልነሳ ካለ ወዲያውኑ አዲስ ፓወር ሳፕላይ ግጠሙለት» ተብሎ ነበር። ይህ ምክር መታረም አለበት።

አንትማይነር ኤስ19 ሦስት ሃሽ ቦርዶች (ስሌቱን የሚሠሩት ቺፖች ያሉባቸው ሰሌዳዎች) አሉት። አንዱ ሾርት አድርጎ ከሆነ አዲሱንም ፓወር ሳፕላይ ሊያበላሸው ይችላል፤ የቦርዱም ቃጠሎ ይብሳል። ስለዚህ ከመቀየር በፊት መለካት ይቅደም። ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ቦርዶቹን ለያይታችሁ፣ የእያንዳንዱን የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ መግቢያ ሬዚስታንስ በቴስተር አነጻጽሩ። ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ዜሮ የተጠጋውን አታስገቡት፤ የቀሩትን አንድ በአንድ ሞክሩ።

የፓወር ሳፕላዩን ሽፋን ግን ልምድ የሌለው ሰው ፈጽሞ አይክፈት! ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ይህ ሰው ይገድላል።

«ስታቢላይዘር ካለ መብረቅ አያሰጋም» የሚለውም ይሰረዝ። ስታቢላይዘር የሚያስተካክለው ቀስ እያለ የሚወጣና የሚወርድ ቮልቴጅን ነው፤ መብረቅ በማይክሮ ሰከንዶች ቀድሞት ያልፋል። የጎጃም ክረምት ነጎድጓዱን ሲጀምር ማሽኑን አጥፍቶ መንቀል ይሻላል፤ የኢንተርኔት ገመዱም ይነቀል፣ ማሽኑን የሚያዘው ኮንትሮል ቦርድ በዚያም በኩል ሊመታ ይችላልና።