"አራት ኪሎ ደርሻለሁ"

ባለፈው ወር በ23 ከመርካቶ ወደ አራት ኪሎ ታክሲ ተሳፍሬ ነበር። የጊዮርጊስ ዕለት ስለሆነ ፒያሳ በነጠላ ነጭ ብላለች። ጧፍ ሻጩ፣ ምእመኑና መኪናው ተደበላልቆ ታክሲያችን ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ አማተበ። ቀስ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከልቡ። እጁ ገና ሳይወርድ ስልኩ ጮኸ። "አራት ኪሎ ደርሻለሁ፣ እየወረድኩ ነው" አለ።

ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እኔም ልፈርድበት አልቻልኩም።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። የእኛ ገና እዚያ ጃንዋሪ 7 ይውላል፤ ለእነሱ የሥራ ቀን ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ቀን ደውዬ "አሞኛል" እል ነበር። ከዚያ ነጠላዬን ለብሼ አስቀድሳለሁ። ካህኑ "አልዕሉ አልባቢክሙ" ሲል፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ ማለቱ ነው፣ ከሕዝቡ ጋር "ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ" እላለሁ። ልባችን በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ ነው ማለት ነው። የእኔ ልብ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ስልክ ላይ ነበር። ከሥራ ቢደውሉስ?

እኔ በቀረሁ ቁጥር ድርብ ፈረቃ የምትሠራልኝ ከጋና የመጣች ባልደረባዬ ነበረች። አንድ ዓመት በማግስቱ ስገባ እግሯ አብጦ፣ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች። "ተሻለሽ ወይ?" አለችኝ። ያቺ ጥያቄ ከሰማሁት ስብከት ሁሉ በላይ ወጋችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ተቆጣች። ትንሽ ዝም አለችና "ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? የእኔን ዲሴምበር 25 ሥሪልኝ፣ ያንቺን እኔ እሠራለሁ" አለችኝ። እንደዚያ እየተቀያየርን አምስት ዓመት ሆነን።

እዚህ ስመጣ "እናንተ ጋ ሰው አይዋሽም አሉ" ይሉኛል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። እዚያ ብዙው እውነት በፊርማ የታሰረ ነው። የግብር ፎርም ላይ ሐሰት ብጽፍ በሕግ ልቀጣ ብለህ ትፈርማለህ። እዚያ ፎርም ላይ አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም። ማንም በማያጣራው ስልክ ላይ ግን ስምንት ዓመት ዋሸሁ። ታዲያ ፎርሙን የሞላሁት በእውነተኛነት ነው ወይስ በፍርሃት? እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ።

እዚህ ደግሞ በፊርማው ቦታ መሐላ ገብቷል። ፒያሳ ጫማ ስትጠይቅ "ማርያምን፣ መግዣውን ነው የነገርኩህ" ይልሃል። አንተም "ጊዮርጊስን፣ ሌላ ብር የለኝም" ትለዋለህ። ሁለታችሁም አልተማመናችሁም። እንዲያው ደረቅ ቃላችንን የሚያምን ስለጠፋ እኮ ነው ቅዱሳኑን ለጫማ ዋጋ የምንጠራው። ጌታ በተራራው ስብከት "ከቶ አትማሉ" ካለ በኋላ ነው ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ያለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተት እንኳ ወደ አፋችን አናስገባም። ከዚያው አፍ የሚወጣውን ግን አንቆጥረውም። ይሄ ያሳዝነኛል። (ለኀዘንተኛ ተብሎ መርዶ የሚዘገይበትን ወግ አልነካም፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።)

ታክሲው አሁንም አልተንቀሳቀሰም። ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት።

"የት ደረስሽ?"

መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው "ደርሻለሁ" ነበር። ዋጥ አደረግኩት።

"ገና ጊዮርጊስ ጋ ነኝ እማዬ። መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይፈጅብኝ አይቀርም።"

"እሺ የኔ ልጅ። ቡናውን ቆየት ብዬ እቆላዋለሁ" አለችኝ።