ጋቢ የለበሰ አሳ

ለንደን ስሄድ ለራሴ አንድ ቃል ገብቼ ነበር። ፊሽ ኤንድ ቺፕስ፣ ያን የእንግሊዞች አሳ ጥብስ ከነድንች ጥብሱ፣ ሳልበላ አልመለስም። ቢግ ቤን ከቀረ ይቅር፤ ሰዓት እኔም አለኝ።

ችግሩ ያረፍኩት የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። እትዬ ለንደን 22 ዓመት ኖራለች። በዚህ ሁሉ ዓመት የእንግሊዝ ምግብ ስንት ጊዜ እንደበላች ብጠይቃት «አንዴ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር» አለችኝ።

ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ዶሮ ወጥ ቀረበ። በማግስቱ ጓደኞቿ ለክትፎ ጠሩን። በሦስተኛው ቀን ሌላ ቤት፣ ሌላ ዶሮ። አዲስ አበባ ዶሮ የማየው በዓል ሲመጣ ነው፤ ለንደን ሳምንቱን ሙሉ ፋሲካ ሆነብኝ። «አሳ አምሮኝ ነበር» ስል ሁሉም እንደ በሽተኛ ያዩኛል። «ምነው፣ እንጀራው አልተስማማህም እንዴ?»

ስለዚህ ተደብቄ ወጣሁ። ፒካዲሊ አካባቢ በሩ ላይ ባንዲራ የሰቀለ፣ መስኮቱን በምግብ ፎቶ የሸፈነ ቤት አገኘሁና ዘው አልኩ። የመጣው አሳ ከሳህኑ ወዲያና ወዲህ ተርፏል። ደስ አለኝ። በሹካ ነካ ሳደርገው ግን ሊጡ ብቻውን ተገፎ ተነሳ። ከሥሩ አንድ ቀጭን፣ የገረጣ አሳ ተኝቷል። የአያቱን ጋቢ ተከናንቦ የተኛ ሕፃን በሉት። ድንቹም ልምሾ ነው። የእኛ ሰፈር ልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ የሚገዙት ችብስ ቢያየው ይስቅበት ነበር። ሒሳቡን ወደ ብር መነዘርኩት። ይህን ማድረግ አልነበረብኝም።

በኋላ ሳጣራ ጥፋቱ የገባኝ መሰለኝ። ሊጡ ለአሳው ልብሱ ነው። የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ውጪው ቶሎ ይደርቃል፤ አሳው ውስጥ በገዛ እንፋሎቱ ይበስላል። ያን ጊዜውኑ ከተበላ ተበላ። ተጠብሶ ደንበኛ ሲጠብቅ ከዋለ ግን እንፋሎቱ ልብሱን ያረጥበዋል። እንግዲህ ጥሩ አሳ ያለው ከዘይቱ እየወጣ እጅ በእጅ የሚሸጥበት ቤት ነው። ማለትም፣ ሰልፍ ያለበት።

የእንግሊዝ ምግብ ይባል እንጂ አመጣጡ የስደተኛ ነው። አሳን በዱቄት ለውሶ መጥበስን ይዘው የመጡት ከስፔንና ከፖርቹጋል የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው። ከድንች ጋር አጋብቶ በመሸጥ ስሙ የሚነሳው ጆሴፍ ማሊንም አይሁዳዊ ስደተኛ ነበር፤ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ። የሰሜን እንግሊዝ ሰዎች ደግሞ «የእኛ ይቀድማል» ብለው ይከራከራሉ። የአሳ ቀናቸው ዓርብ ነው፤ ከጥንት ጾም የተረፈ ልማድ። እነሱ ጾሙን ረስተው አሳውን ያዙ። እኛ ጾሙን ይዘን፣ አሳ ይበላል አይበላም እያልን ይኸው እስካሁን እንጨቃጨቃለን።

እኔ ይበላል ከሚሉት ወገን ነኝ። በተለይ ሲያምረኝ።

ዓርብ ዕለት ታዲያ እትዬ ሰፈር ጥጉ ላይ ሰልፍ አየሁ። አሮጊቶች፣ ልብሳቸው ቀለም የነካው ሠራተኞች፣ ደብተር የያዙ ልጆች። የአዲስ አበባ ልጅ አይደለሁ? መጀመሪያ ተሰለፍኩ፤ ምን እንደሚሸጥ በኋላ ጠየቅሁ። ጠባሹ ቆጵሮሳዊ ሽማግሌ ናቸው። «ኮድ ወይስ ሀዶክ?» አሉኝ፤ የአሳ ዓይነት ሊያስመርጡኝ ነው። ኮድ ሲሉኝ «ኮድ 2 ነው ኮድ 3?» ልላቸው ምንም አልቀረኝ። ሀዶክ አልኩ። «ጨውና አቼቶስ?» ድንች ላይ አቼቶ! እሺ አልኩ፤ እንግዳ ነኝ።

ውጭ አጥር ተደግፌ ወረቀቱን ፈታሁ። የአቼቶው እንፋሎት አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ገመጥኩት። ኩርሽም! ይኼኛው ጋቢ አልለበሰም፤ በልኩ የተሰፋ ሸሚዝ ነው። ውስጡ ነጭ፣ እየተላቀቀ የሚመጣ አሳ። ድንቹ ወፍራም፣ ጫፉ ቡናማ። እስኪያልበኝ በላሁ።

ሦስት ጉርሻ ያህል ሲቀረኝ ቀና ብል መስኮቱ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በኩራት፣ በትልልቅ ፊደል። የምንጠብሰው በበሬ ሞራ ነው ይላል።

በበሬ ሞራ። ዓርብ ዕለት።

ከአሳው ተፋጠጥን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ጨረስኩት።

ማታ ለእትዬ ተናዘዝኩ። «በሞራ?!» ብላ አፏን ያዘች። ሳታውቅ ነው ብላ አጽናናችኝ። ስለ ሦስቱ ጉርሻ አልነገርኳትም። ትንሽ ዝም አለችና «ሰልፉ ረጅም ነው?» አለችኝ።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት አብረን ሄድን። 22 ዓመት ሙሉ በበሩ ያለፈችበት ቤት ነው። አንዱን ገመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች። በላስቲክ የተቋጠረ ሚጥሚጣ ወጣ። ነሰነሰችበት። ሽማግሌው ከባንኮኒው ወዲያ አንገታቸውን አሰገጉ። በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ሰጠቻቸው። ቀመሱ፣ ቀሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ እጃቸውን መልሰው ዘረጉ።

እኔ ሁለተኛ ላዝዝ ስነሳ እትዬ ሰዓቷን አየች።

«ተው፣ ሆድህን አትሙላ» አለችኝ። «ማታ ዶሮ አለ።»